ሰርቨሩ እየሠራ አፑ አልከፈት ሲል

ኮምቦልቻ ላለ አንድ መጋዘን የሠራሁት የዕቃ መመዝገቢያ አፕ ባለፈው አልከፈት አለ። እኔ ደሴ ነኝ። የመጋዘኑ ልጅ ደውሎ «ሲስተሙ ሞቷል» ሲለኝ «አብሽር፣ አሁን አየዋለሁ» ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። እኔ ጋ ምንም አልሆነም! ሚኒባስ ይዤ ሐረጎን ወረድኩ። ለካ መሄድም አያስፈልገኝም ነበር።

እንዲህ ሲገጥማችሁ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የስህተቱን መልእክት አንብቡ። ብሮውዘሩ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ቆይቶ «ታይምአውት» ካለ ጥያቄያችሁን መንገድ ላይ የዋጠው ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎል (የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይ አጥር) ነው። ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ግን ሰርቨሩ ጋ ደርሳችኋል፣ የሌለው እዚያ ፖርት (ፕሮግራም ጥያቄ የሚቀበልበት ባለቁጥር በር) ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው በር አንኳኩቶ ድምፅ ማጣት ነው፤ ሁለተኛው ዘበኛው ብቅ ብሎ «ሰውየው የሉም» ሲላችሁ። ሆን ብሎ ሪፊውዝድ የሚመልስ ፋየርዎልም አለ፣ ግን ብዙም አይገጥማችሁም።

በፒንግ («አለህ?» ብሎ ማሽኑን በሚጠይቀው ትእዛዝ) አትፍረዱ። አማዞን ክላውድ ላይ አዲስ የምትፈጥሩት ሲኪዩሪቲ ግሩፕ (የክላውዱ ፋየርዎል) ካልፈቀዳችሁለት በቀር ከውጭ የሚመጣ ምንም ነገር አያስገባም፣ ፒንግንም ጭምር።

ሪፊውዝድ ከሆነ ሰርቨሩ ውስጥ ግቡና አፑ በየትኛው አድራሻ እንደሚያዳምጥ እዩ። 127.0.0.1 ላይ ከሆነ ከራሱ ማሽን ሌላ ማንም አያገኘውም። 0.0.0.0 ላይ (ማለትም በማሽኑ አድራሻዎች ሁሉ) አድርጉት፣ ወይም ከውጭ ጥያቄ ተቀብሎ ለአፑ የሚያቀብለውን ኤንጂንኤክስን ከፊቱ አቁሙለት፤ እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

ታይምአውት ከሆነ አጥሩ ሁለት ሊሆን ይችላል፦ የክላውዱ ሲኪዩሪቲ ግሩፕና ሰርቨሩ ውስጥ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ ያለው ፋየርዎል፣ ዩኤፍደብሊው። ሁለቱም 443ን (ብሮውዘሩ በኤችቲቲፒኤስ የሚገባበትን ፖርት) መፍቀድ አለባቸው፣ አንዱን ከፍቶ ሌላውን ረስቶ ሲንከራተት የሚያድር ብዙ ነው። ዩኤፍደብሊውን ከማብራታችሁ በፊት ደግሞ 22ን (እናንተ ከርቀት ሰርቨሩ ውስጥ የምትገቡበትን ፖርት) ፍቀዱ። እኔ አንዴ ረስቼ ከገዛ ሰርቨሬ ውጭ ቀርቻለሁ። ዶከር (አፕን ከነሚያስፈልገው ጠቅልሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ለብቻው ጉድ ነው፤ እሱ የሚከፍተው ፖርት ዩኤፍደብሊውን ዘሎ ያልፋል።

ተናዳችሁ ሁሉንም ፖርት ለ0.0.0.0/0፣ ማለትም ለዓለም ሁሉ፣ እንዳትከፍቱ ብቻ። በተለይ የዳታቤዙን፣ የፖስትግረስን 5432። ክፍት በር የሚፈልጉ ሮቦቶች ቀን ከሌት ይዞራሉ።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። 443ን የፈቀድኩት ለሁለት አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ብቻ ነበር፣ ለእኔና ለእነሱ። ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የእነሱ ራውተር አዲስ አይፒ አገኘ፣ ሲኪዩሪቲ ግሩፑ ላይ ያለው ግን አሮጌው ነው። ልጁን በስልክ «ጉግል ላይ አይፒህን እይልኝ» ብለው ኖሮ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

አሁን ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተቆለፈ የግል መስመር) አስገብቼላቸዋለሁ፣ አይፒው ቢቀያየርም ግድ የለም። እሱ በተለምዶ የሚጠቀመው ዩዲፒ (ከቲሲፒ የተለየ የመላላኪያ ዘዴ) 51820ን ነው። እኔ ቲሲፒ ብዬ ከፍቼው አንድ ሰዓት ሙሉ ታይምአውት ስጠብቅ ነበር።