በልማት ገንዘብ በሚካሄድ የአርኪዮሎጂ ሥራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ግንባታ ሊያጠፋው የሚችለውን ቅርስ የማስጠናቱን ወጪ አልሚው ራሱ ይሸፍን የሚለው አሠራር በእንግሊዝ አገር ሥር የሰደደው በ1990 እ.ኤ.አ. ፒፒጂ 16 የተባለው የፕላን መመሪያ ከወጣ በኋላ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ እንደ ዓለም ባንክ ያሉ አበዳሪዎች በሚያስቀምጡት ግዴታ በኩል እናውቀዋለን። ወጣት ባለሙያዎች በዚህ ገንዘብ ሲሠሩ የሚፈጽሟቸውን ስህተቶች ደጋግሜ ስላየሁ፣ ከባዱንም ራሴ ስለፈጸምኩት፣ እነሆ ጻፍኳቸው።

አንደኛው ዘግይቶ መግባት ነው። የመንገዱ መስመር ገና ወረቀት ላይ ሳለ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ማድረግ መሐንዲሱን ብዙም አያደክመውም፤ ዶዘሩ መሬቱን ከላጠው በኋላ ግን ሥራው የቆመበት እያንዳንዱ ቀን የተቋራጩ የካሳ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። «ላዩ ሜዳ ነው» የሚለውም ማስረጃ አይሆንም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮም የተመለሰውን ሐውልት መልሶ ለመትከል በአክሱም በተደረገው የመሬት ውስጥ ቅኝት፣ በመኪና ማቆሚያው ሥር ሳይቀር የመቃብር ክፍሎች ታይተዋል።

የድንገተኛ ግኝትን ድንጋጌ እንደ ቅድመ ጥናት መቁጠርም ተላላነት ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 በግንባታ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና የቅርስ ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዲጠብቀው ያዛል፤ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር የጥንት ሰው መሣሪያ የሆነውን ባልጩት ከጠጠር ይለያል የሚል ግን የትም አልተጻፈም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የቁፋሮውን ቀናት ብቻ ቆጥሮ ዋጋ ማቅረብ ነው። ከመሬት የወጣው ገል ይታጠባል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፣ በዓይነት በዓይነቱ ይለያል፣ ይሣላል፤ ከሰሉ ለዕድሜ ምርመራ ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ይላካል፣ ለመላክም ፈቃድ ይጠየቃል፤ አጥንቱ የእንስሳት አጥንት የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ከቁፋሮው የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ከዓመታት በፊት ለአንድ ፕሮጀክት ዋጋ ሳዘጋጅ የቀን ሠራተኛውን፣ መኪናውንና አበሉን በጥንቃቄ አሰላሁና «ሪፖርት» የሚለውን በአንድ መስመር አለፍኩት። ቁፋሮው አምሮ ተጠናቀቀ፣ ተቋራጩ ቦታውን ተረከበ፣ ክፍያውም ተዘጋ፤ ገሉ ግን ሳይታጠብ በማዳበሪያ ከረጢት እንደታሰረ መጋዘን ገባ። በኋላ ተመልሼ ስከፍተው አይጥ መለያ ወረቀቶቹን በልቷቸው ስለነበር የትኛው ከረጢት ከየትኛው ጉድጓድና ንብርብር እንደወጣ ማወቅ አልቻልንም፤ ቦታው ደግሞ በዚያን ጊዜ ሕንፃ ቆሞበታል። ስለዚህ የድኅረ ቁፋሮው ሥራ በውሉ ውስጥ የራሱ ርዕስ፣ የጊዜ ሰሌዳና በጀት ይኑረው፤ ገንዘቡም ቦታው ከመለቀቁ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ፤ ቦታውን ከተረከበ አልሚ ጋር የሚደረግ ድርድር ልመና ነውና።

መጠባበቂያ የሌለው ቁርጥ ዋጋም አይፈረምም፤ መሬቱ ምን እንደያዘ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

በመጨረሻም ከፋዩ ረቂቁን አንብቦ አስተያየት መስጠቱ ነውር የለውም፤ ግኝቱን የመቀነስ ወይም ሪፖርቱን የማስቀረት መብት የሚሰጠው አንቀጽ ግን መሰረዝ አለበት። ሪፖርቱ በአንድ ቀን ለአልሚውም ለቅርስ ባለሥልጣኑም እንደሚገባ በውሉ ላይ ይጻፍ።