ማሽኗ ለምን ትነዝራለች? የልብስ ማጠቢያ ሶኬት ሲገጠም የሚሠሩ ስህተቶች

እህቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምትኖረው። በቀደም ደወለችና «አቦ፣ ይቺ ማሽን እየነዘረችኝ ነው» አለች። ሄጄ ብሬከሩን አወረድኩና ሶኬቱን ፈታሁት። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ፣ ኤርዝ የምንለው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው፣ ተጠቅልሎ ቦክሱ ጥግ ተወትፏል። ጫፉ እንኳ አልተላጠም። የገጠመላት ልጅ «ያለሱም ይሠራል» ብሏት ነበር። እውነቱን ነው፣ ይሠራል።

ኤርዙን መተው። ማሽኗ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረት ገላዋ ያሳልፋል። ኤርዝ ከሌለ መውጫው እርጥብ እጅ ነው። ይሄ ቀላሉ ነው። የሚያስፈራው የድሬ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ እዩት፤ ታቹ ላይ ነጭ ድንጋይ ጋግሯል። ማሽኗ ማሞቂያ ላይም ያው ይጋገራል። ማሞቂያው ከልክ በላይ ይግላል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፣ ኤሌክትሪኩም ውሃው ውስጥ ይገባል።

ኤርዙን ከኒውትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ ጋር ማሰር። ብልጥ ነኝ ባይ የሚሠራው ነው። ኒውትራሉ የላላ ቀን የማሽኗ ገላ 220 ቮልት ይሸከማል። ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰርም አያዋጣም፤ የዛሬ ቧንቧ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው።

የኤርዝ ዘንጉን፣ የኤርዙ ሽቦ የሚታሰርበትን ብረት፣ ደረቅ አሸዋ ላይ ተክሎ «ጨረስኩ» ማለት። የድሬ አፈር በበጋ ኤሌክትሪክ በደንብ አይቀበልም። ዘንጉ መሬት ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን 100 ኦም ነው እንበል። 220ን ለ100 አካፍሉ፤ የሚፈሰው 2.2 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወርድም፣ ማሽኗም ኤሌክትሪክ እንደያዘች ትቀመጣለች። ስለዚህ አርሲዲ የሚባለውን፣ ከመስመሩ የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ የሚቆርጥ ብሬከር ግዙ። ለእኔ ከሶኬቱ ከራሱ ይበልጣል። ዘንጉን ደግሞ እርጥብ ቦታ ምቱት።

ከመብራት መስመር መጥለፍ፣ ወይም በዲቫይደር መሰካት። ማሽኗ ውሃ ስታሞቅ 2,000 ዋት አካባቢ ትስባለች፤ ወደ 9 አምፔር ማለት ነው። ከማከፋፈያው በቀጥታ የሚመጣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና ለብቻው ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይሁንላት። የቀለጠ ዲቫይደር አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ።

ቦክሱን እንደነገሩ መለጠፍ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። በዚህ ሙቀት ደረቅ ብሎኬት የሲሚንቶውን ውሃ ወዲያው ይመጠዋል፤ ቦክሱም በሳምንቱ ሶኬቱ ሲነቀል አብሮ ይነቀላል። ቀዳዳውን መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፉበት። የቦክሱ አፍ ከልስኑ ጋር እኩል ይሁን። ሽቦውንም 15 ሳንቲ ያህል አስተርፉ፣ አጭር ሽቦ ሲጎትቱት ከብሎኑ ይሾልካል። ቦታው ደግሞ ከማሽኗ ጎን፣ ከፍ ብሎ፣ ከቧንቧው ራቅ ብሎ። ከኋላዋ ከሆነ ለመንቀል ማሽን መግፋት ሊያስፈልግ ነው።

የእህቴን ዘንግ የማጠቢያው ውሃ የሚፈስበት ፓፓያ ሥር ነው የመታነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን። አርሲዲውን የገጠመልን ባለሙያ «ቴስት» የምትለውን ቁልፍ ሲጫናት ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ወረደ። እህቴ እሱን ካየች ወዲህ በየወሩ ትጫናታለች፣ ከማሽኗ ይልቅ እሷን የወደደቻት ይመስለኛል።