የጣሊያኑን ካውቦይ ፊልም አይታችሁ «ይደብራል» ከማለታችሁ በፊት

አንድ ፊልም ሁለት ሰው ያየዋል። አንዱ «እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም» ይላል። ሌላው «አፋቸውና ድምፃቸው አይገጥምም፣ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ስለሠራው «ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ» ሰው ሲያወራ ሁሌም የምሰማው ይህንኑ ነው። እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያዩት ግን አንድ ፊልም አይደለም። ስለዚህ ልታዩት ካሰባችሁ፣ ወይም አይታችሁት ካልጣማችሁ፣ እንዴት ብታዩት እንደሚሻል ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ኮፒውን ፈትሹ። ፊልሙ የተቀረጸው ቴክኒስኮፕ በሚባል ዘዴ ነው፤ ለአንድ ምስል ከተለመደው ግማሽ ያህል የካሜራ ፊልም ብቻ ይበላል፣ በጀቱ ደግሞ ወደ 200 ሺህ ዶላር ገደማ ስለነበር ይህ ለእነሱ ቀላል ቁጠባ አልነበረም። ምስሉ በጣም ሰፊ ነው፣ ወርዱ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ያልፋል። ሊዮኔ ስፋቱን በደንብ ሠርቶበታል። በአንዱ ጠርዝ የሰው ፊት ያስቀምጣል፣ በሌላው ጠርዝ ባዶ መንገድና እሩቅ የቆመ ሰው። ለድሮ ቴሌቪዥን ተብሎ ጎንና ጎኑ የተቆረጠውን ኮፒ ካያችሁ እሩቅ የቆመው ሰውዬ የለም! እኔ መጀመሪያ ያየሁት እንደዚያ ነበር፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ሳይገባኝ አለቀ። ስክሪናችሁ ላይ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ካለ ደስ ይበላችሁ፣ ለመሙላት ብላችሁ አታጉሉት።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ሊዮኔ ያልሠራው መግቢያ ተቀጠለበት። ጀግናው ከእስር ተጠርቶ ከተማውን እንዲያጸዳ ይላካል። መሪ ተዋናዩ ክሊንት ኢስትዉድ ለዚያ መግቢያ አልተቀረጸም፣ ፊቱ የማይታይ ሌላ ሰው ነው የቆመለት። ሰውዬው ለምን እንደመጣ አለማወቃችን የፊልሙ ነፍስ ስለሆነ፣ ኮፒያችሁ በእስር ቤት ከጀመረ ዝለሉት። ትክክለኛው የሚጀምረው በቀይና ጥቁር በተሳሉ ፈረሰኞች ነው።

አሁን ወደ ድምፁ፣ ምክንያቱም ትልቁ ቅሬታ እሱ ነው። በዚያን ጊዜ ጣሊያኖች ሲቀርጹ ድምፁን አብረው አይቀርጹም ነበር፣ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ነው የሚጨምሩት። ተዋናዮቹም ከየአገሩ ናቸው፦ ኢስትዉድ አሜሪካዊ፣ ጂያን ማሪያ ቮሎንቴ ጣሊያናዊ፣ ማሪያነ ኮኽ ጀርመናዊት። ስለዚህ «ኦሪጅናሉ ድምፅ» ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። በጣሊያንኛው ኮፒ ለኢስትዉድ የሚናገርለት ኤንሪኮ ማሪያ ሳሌርኖ ነው። የኔ ምክር፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ እዩት፣ የኢስትዉድን የራሱን ድምፅ ትሰማላችሁ። ከንፈር አትከተሉ፤ ዓይን ዓይናቸውን እዩ። ከተቻለ ኤርፎን አድርጉ። ነፋሱ፣ የጥይቱ ጩኸት፣ ሁሉም ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ የኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃና የአሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒ ፉጨት ደግሞ በስልክ ስፒከር ቢሰማ በጣም ያሳዝነኛል።

ፊልሙ ለእናንተ መሆን አለመሆኑን የሚነግራችሁ አንድ ትዕይንት አለ፣ የበቅሎዋ። ታሪኩ ሳን ሚጌል በምትባል የድንበር ከተማ ነው፣ ሜክሲኮ ተብላ ስፔን ውስጥ የተቀረጸች። የሮሆና የባክስተር ቤተሰቦች ከተማዋን ለሁለት ተካፍለዋታል። የባክስተር ሰዎች የጀግናውን በቅሎ በጥይት አስደንብረውበታል። ሰውዬው ተመልሶ ሲመጣ የሬሳ ሣጥን ሠሪውን ሦስት ሣጥን እንዲያዘጋጅ ይነግረዋል፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ሄዶ በቅሎዬን ይቅርታ ጠይቁልኝ ይላል። ይስቃሉ። ከዚያ መሳቅ ያቆማሉ። እዚህ ጋ ሰዓት ያዙ። ተኩሱ ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል፣ ጥበቃው ግን ይረዝማል። ፊቶቹን ተመልከቱ፣ ላብና ጺም፣ አንዱ ምራቁን ሲውጥ። ሲመለስም ለሣጥን ሠሪው ቁጥሩን ወደ አራት ያርምለታል። ይህ ካልያዛችሁ ቀሪውም ላይይዛችሁ ይችላል፣ ምንም ችግር የለውም። ከያዛችሁ ግን «ይንቀራፈፋል» የሚሉት ነገር ፊልሙ የሚኖርበት ቦታ እንደሆነ ታያላችሁ።

«የሚወደድ ሰው የለውም» የሚሉም አሉ። እኛ መሪውን ተዋናይ «አክተሩ» ብለን ስላደግን አክተር ጥሩ ሰው መሆን አለበት እንላለን፣ ይሄኛው ደግሞ ከሁለቱም ወገን ብር ይቀበላል። ልክ ነው። ግን ማሪሶል የምትባለውን ሴት ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር የሚያስመልጥበትን ሌሊት በደንብ እዩት። ለምን እንደረዳት የሚናገረው በጣም አጭር ነው፣ ብሩንም ይሰጣቸዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚደርስበትን ዱላ ታውቃላችሁ ወይም ታያላችሁ። እኔ እሱን የምወደው እዚያ ጋ ነው።

«የተሰረቀ ነው» የሚለውስ? ታሪኩ የጃፓናዊው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ የ1961ዱ «ዮጂምቦ» መሆኑ አያከራክርም። የጃፓኑ ኩባንያ ቶሆ ከሶ፣ ጉዳዩ በስምምነት አልቆ ከዓለም አቀፍ ገቢው 15 በመቶ ለጃፓኖቹ ተሰጥቷል። ፊልሙ አሜሪካ የደረሰውም እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ እዩና ፍረዱ። ጃፓኑ ውስጥ ጀግናው ሰይፍ ይዞ ጠላቱ ሽጉጥ አለው፤ እዚህ ጀግናው ሽጉጥ ይዞ ጠላቱ ራሞን ሮሆ ረጅም ጠመንጃ አለው። ኩሮሳዋ ያስቃል፣ ሊዮኔ ያስጨንቃል። ለእኔ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ፈቃድ ሳይጠይቁ መሥራታቸው ግን ልክ አልነበረም፣ ስለ ፊልሙ አስተያየት ስትጽፉ እሱንም መጻፍ አለባችሁ።

አስተያየታችሁን ስትጽፉ የትኛውን ኮፒ፣ በምን ቋንቋ እንዳያችሁ በአንድ መስመር አስቀምጡ። «ደባሪ ነው» ብቻ አትበሉ፣ የቱ ጋ እንደደበራችሁ ተናገሩ። የሊዮኔን የ1966ቱን ሰፊ ፊልም፣ «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ»ን፣ ቀድማችሁ አይታችሁ ከሆነም ግለጹ፤ ከዚያ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉም ነገር ትንሽ መስሎ ይታየዋል፣ ስለዚህ ያላያችሁ ይህንን የ1964ቱን፣ ከዚያ የ1965ቱን «ፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር»፣ ከዚያ የ1966ቱን ብላችሁ በቅደም ተከተል ሂዱ። መጨረሻ ላይ ጀግናው ከሚለብሰው ካባ (ፖንቾ) ሥር ምን እንዳለ ግን አትጻፉ፤ ገና ያላየው ሰው ራሱ ይየው።