ስለ ሶኖራ ኮራል እባብ የሚሠሩ ስህተቶች

ሶኖራ ኮራል እባብ ቀጭን ናት፤ ከእርሳስ ብዙም አትወፍርም። ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር አያልፍም። ቀይ፣ ጥቁርና ነጣ ያለ ቢጫ ቀለበት ሰውነቷን ይዞራል። አገሯ የአሜሪካዋ አሪዞናና የኒው ሜክሲኮ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ድንበር ተሻግሮም በሜክሲኮ ከሶኖራ እስከ ሲናሎዋ ትገኛለች። ስለ እሷ የሚነገረው ስህተት በአብዛኛው የሚመጣው ከዘመዶቿ ነው። የቴክሳሷን ኮራል እባብ፣ የፍሎሪዳዋን፣ ሲብስም የኮብራን ታሪክ አምጥተን እሷ ላይ እንለጥፋለን። እሷ ግን ለብቻዋ ናት። ሮበርት ኬኒኮት በ1860 ለሳይንስ ካስተዋወቃት በኋላ፣ ካርል ሽሚት በ1928 የራሷን ወገን (በሳይንስ አጠራር ጂነስ) ሰጣት። እስከ ዛሬ በዚያ ወገን ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

«ቀይ ቢጫን ከነካ...»

አሜሪካ ውስጥ ልጅ አዋቂው የሚያውቃት ግጥም አለች። ቀይ ቢጫን ከነካ ይገድላል፤ ቀይ ጥቁርን ከነካ መርዝ የለውም ትላለች። በዚህች እባብ ላይ ትሠራለች፤ ቀዩ ቢጫውን ይነካል። ተራራ ላይ ያለው፣ ቀዩ ከጥቁር የሚዋሰነው ንጉሥ እባብ ደግሞ መርዝ የለውም። ችግሩ እዚያው ሶኖራ በረሃ ውስጥ ቀዩ ቢጫውን የሚነካ፣ ሰው የማይጎዳ ሌላ ትንሽ እባብ መኖሩ ነው። ወደ ደቡብ አሜሪካ ከወረዳችሁ ጭራሽ ይገለበጣል፤ ቀዩ ጥቁሩን የሚነካ መርዛማ ኮራል እባብ ሞልቷል። የተሻለው ምልክት አፍንጫዋ ነው፤ ጥቁር ነው፣ ጥቁሩም ዓይኗን አልፎ ይሄዳል። ቀለበቶቹ በሆዷም በኩል ይዞራሉ። ይህን ለማረጋገጥ ገልብጬ ልያት የሚል ካለ ግን እባካችሁ አስቁሙት።

«አላበጠም፣ ደህና ነኝ»

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይሄኛው ነው። ራትልስኔክ የሚባለው፣ ጅራቱን የሚያንሿሿው መርዛማ እባብ ሲነድፍ ቦታው ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ያስጮሃል። ሰው የእባብ ንክሻ ማለት ያ ብቻ ይመስለዋል። የዚህች መርዝ ግን እንደ ኮብራና ማምባ ነርቭ ላይ ነው የሚሠራው፤ ቤተሰባቸው አንድ ነው። ጥርሷ አጭር ነው፤ ከፊት ተተክሎ የቆመ እንጂ የሚታጠፍ አይደለም። የነከሰችው ቦታ ብዙም ላይታይ ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ሊመጣ ይችላል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ ነከሰች ማለት ሞት ነው ማለት። በእሷ ንክሻ ሞተ ተብሎ በተረጋገጠ መረጃ የተመዘገበ ሰው የለም። ይህ ሲባል ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለኮራል እባብ የሚሠራው መርዝ ማርከሻ ከምሥራቁ ዘመዷ መርዝ የተዘጋጀ ነው፤ ለእሷ አይሆንም። የራትልስኔኩም አይሠራም። ስለዚህ ሐኪሞች በዋናነት የሚያደርጉት መከታተል ነው፤ በተለይ ትንፋሽን። መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ በረዶ መያዝ ሁሉ ይቅር። በአሪዞና ከተሞች፣ ፊኒክስ ወይም ቱሳን፣ ያላችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ስልክ 1-800-222-1222 ነው።

«አይጥ ትጨርስልናለች»

አትጨርስም፤ አፏ ጠባብ ነው። ዋናው ምግቧ ሌላ እባብ ነው፤ ያውም አፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ ትል የሚመስሉ ቀጫጭን እባቦች። እነሱ ጉንዳንና ምስጥ ፍለጋ ይሄዳሉ፣ እሷ ደግሞ እነሱን ፍለጋ። አልፎ አልፎ ትንሽ እንሽላሊትም አትንቅም። ኑሮዋን የሚወስነው ይህ ነው። ውሎዋ ድንጋይ ሥርና አፈር ውስጥ ነው፤ ብቅ የምትለው በብዛት ማታ፣ በተለይ ዝናብ ከጣለ በኋላ። የአሪዞና ዋና ዝናብ ደግሞ እንደ እኛው ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ማታ ውጭ የሚሄድ ሰው ባትሪ መያዝ አለበት። እንቁላሏንም በዚሁ ወቅት ትጥላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ብቻ።

ጅራቷን ጭንቅላት ማለት

ይሄኛው ያስቀኛል። ስትደነግጥ ጭንቅላቷን ሰውነቷ ሥር ትቀብራለች። ጅራቷን ጠቅልላ ወደ ላይ ታነሣለች። ከዚያ ከጅራቷ ሥር ካለው ቀዳዳ አየር እያስወጣች ጠሽ፣ ጠሽ ታደርጋለች። አዎ፣ ያሰባችሁት ነው። ጠላት ዓይኑን ጅራቷ ላይ ሲተክል ጭንቅላቷ ተሸሽጎ ይቀራል። ሰውም እንዲሁ ይሸወዳል፤ ያ የሚወዛወዘው ጭንቅላቷ ነው ብሎ በሌላው በኩል እጁን ይሰዳል።

በእጅ ማንሣት

በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገቡት ንክሻዎች እሷን በእጃቸው ከያዙ ሰዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። እሷ ሰው አታሳድድም። ቀለሟ ስለሚያምር ልጆች ማንሣት ይወዳሉ፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ግቢ ውስጥ ከታየች ራቅ ብላችሁ ፎቶ አንሡ፣ ከዚያ እባብ የሚያነሡ ባለሙያዎችን ጥሩ። እስኪመጡ እሷው ራሷ አፈር ውስጥ ገብታ ልትጠፋ ትችላለች።