በአሮጌ ፎርዊል ከአዳማ ወደ ሰመራ ከመውረድህ በፊት

ከአዳማ በአዋሽ አድርገህ ወደ ሰመራ ስትወርድ ሙቀቱ እየባሰ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከራዲያተሩ ጀምር። ሞተሩ በደንብ ሲበርድ ብቻ ክፈተው፣ ትኩስ ከሆነ የፈላ ውሃ ይረጭብሃል። ውሃው ዝገት ዝገት ካለ አሳጥበህ ኩላንት ሙላ። ከዚያ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣትህ ጨመቅ ጨመቅ አድርግ፤ የላሸቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ጋ ያበጠ ካገኘህ "ይሄማ ያደርሰኛል" እንዳትል፣ ቀይረው። የፋን ቺንጋውንም እንደዚያው ቀይረው፤ አሮጌው ደህና ከሆነ ለመጠባበቂያ ያዘው።

ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ አትይ፣ ዕድሜውንም እይ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፦ 2318 ከሆነ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ተቀያሪውንም እየው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የዲፈረንሻል ዘይት ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ዘይቱን መቀየር ብቻውን አይበቃም፣ በየት እንደገባ አስፈትሽ። የፎርዊሉን ማርሽ አስገብተህ ልቅ አፈር ላይ ሞክረው፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን በፍጹም፣ የማርሽ ጥርሶቹን ያስጨንቃል። ፍሬን፣ ባትሪ፣ መብራት፣ ክሪክ የታወቀ ነው።

ሁሉም ሲያልቅ ወንጂ ደርሰህ ተመለስና ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ እይ።