ሶሺዮሎጂን ስትጀምሩ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ የዲፓርትመንት ምደባ ሲወጣ፣ እዚህ ጎንደር ሶሺዮሎጂ (የኅብረተሰብ ጥናት) ከደረሳቸው ልጆች የምሰማው ነገር ይመሳሰላል። ከፊሉ «ሳልመርጠው ደረሰኝ» ብሎ ያዝናል። ሌላው «ችግር የለውም፣ ወሬ ነው፣ ይታለፋል» ብሎ ይጽናናል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። መግቢያውን ኮርስ በእርግጥም ሃንዳውት ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል። እንዲያ ያለፈ ልጅ ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ርእስ ያጣል፤ በዙሪያው ያለውን ከተማ አይቶ ጥያቄ ማንሳት አልለመደምና።

«የምኖርበትን ኅብረተሰብማ አውቀዋለሁ» ማለት

ኬሚስትሪ ሊማር የሚገባ ልጅ ስለ ሞለኪውል የራሱን አቋም ይዞ አይመጣም። ስለ ትዳር፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ሃይማኖት ግን ሁላችንም የተዘጋጀ መልስ ይዘን ነው ክፍል የምንገባው። መልሳችንም አብዛኛውን ጊዜ ተረትና ምሳሌ ነው። ችግሩ ተረትና ምሳሌ ለሁሉም ወገን ይመሰክራል። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፤ ዞር ብለን ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንላለን። ሁለቱም ከአንድ ሰው አፍ ሊወጡ ይችላሉ። የሶሺዮሎጂ ተማሪ የትኛው ትክክል እንደሆነ አይከራከርም። ዝም በል የሚባለው ማን ነው? ተናገር የሚባለውስ? ለወንድ ልጅና ለሴት ልጅ፣ ለአሠሪና ለቤት ሠራተኛ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ይህን ስትጠይቁ ስለ ኖርም (ኅብረተሰቡ ስለሚጠብቀው ያልተጻፈ ደንብ)፣ ስለ ስታተስ (ሰው በኅብረተሰቡ ውስጥ ስላለው ቦታ) እና ስለ ሥልጣን የተማራችሁት ሁሉ ሥራ ይጀምራል።

ሁሉንም ነገር በሰው ጠባይ መተርጎም

በፈተና ወረቀት ላይ ከሁሉ በላይ ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ይመስለኛል። ተመርቆ ሥራ ያጣ የሰፈር ልጅ አለ እንበል። ቤተሰቡ «አልጣረም» ይላል፣ ጎረቤት «ዕድሉ ነው» ይላል። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ራይት ሚልስ በ1959 እ.ኤ.አ. ያስተማረው ልዩነት እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ አንድ ሰው ሥራ ሲያጣ የግል ችግር ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ክፍል አብረው የተመረቁ ልጆች በብዛት ሲያጡ ግን የማኅበረሰቡ ጉዳይ ነው። መልሱም የሚፈለገው ከሥራ ገበያው፣ ከትምህርቱ አሰጣጥና ከኢኮኖሚው ነው።

ፈረንሳዊው ሶሺዮሎጂስት ኤሚል ዱርኬም በ1897 እ.ኤ.አ. ራስን ስለማጥፋት ያሳተመው ጥናት በየመማሪያ መጽሐፉ የሚጠቀሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ የበለጠ የግል የሚመስል ድርጊት የለም። እሱ ግን የአገራትን አኃዝ አነጻጸረ። መጠኑ በየአገሩ ከዓመት ዓመት ብዙም ሳይለዋወጥ እንደሚቆይ፣ ከካቶሊኮች ይልቅ በፕሮቴስታንቶች፣ ከባለትዳሮች ይልቅ በላጤዎች ዘንድ ከፍ እንደሚል አየ። ልዩነቱንም ሰው ከሌሎች ጋር ባለው ትስስር ጥንካሬ አስረዳ። ብዙ ተማሪ «አልትሩይስቲክ፣ ኢጎይስቲክ፣ አኖሚክ፣ ፋታሊስቲክ» የሚሉትን የዱርኬምን አራት የራስ ማጥፋት ዓይነቶች ስም አጥንቶ ሲገባ፣ «ሶሺዮሎጂያዊ የሚያደርገው ምኑ ነው?» የሚል ጥያቄ ይገጥመውና ይደነግጣል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። የቡድን መጠን ስለ አንድ ግለሰብ አይፈርድም። «በላጤዎች ዘንድ ከፍ ይላል» የሚለውን ይዞ ስለ አንድ ስለምናውቀው ሰው «ላጤ ስለሆነ ነው» ማለት አይቻልም።

ሦስቱን ቲዎሪዎች በሠንጠረዥ መሸምደድ

ፈንክሽናሊዝም (አንድ ነገር ለኅብረተሰቡ ምን ፋይዳ አለው?)፣ ኮንፍሊክት (ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል?)፣ ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም (ሰዎች በምልክት ምን ይባባላሉ?)። ሦስቱን በሦስት ዓምድ አሰልፎ መያዝ ለምርጫ ጥያቄ ይበቃ ይሆናል። ለማብራሪያ ጥያቄ ግን አንድን ነገር በሦስቱም ማየት መቻል አለባችሁ። ጎንደር ላይ ደግሞ ከጥምቀት የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፣ ሕዝቡ አብሮ ያድራል፣ በማግስቱ ውኃው ተባርኮ ይረጫል። ፈንክሽናሊስቱ ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ዝማሬና በአንድ ቀን ሲሰባሰብ አንድነቱ እንዴት እንደሚታደስ ይመለከታል። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ሮበርት መርተን በግልጽና በስውር ፋይዳ መካከል ያደረገውን ልዩነት እዚህ ላይ ጨምሩበት፦ ግልጹ ፋይዳ በረከት ነው፤ ወጣቶች መተያየታቸውና መተጫጨታቸው፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ መገናኘቱ ደግሞ ማንም ለዚያ ብሎ ያላዘጋጀው ስውር ፋይዳ ነው።

የኮንፍሊክት ቲዎሪ ተማሪ ሌላ ነገር ያያል። ለእንግዶች በተዘጋጀው የእንጨት መቀመጫ ላይ ማን ተቀመጠ? ቆሞ የዋለውስ ማን ነው? የአልጋ ዋጋ ሲወደድ የሚያተርፈው ማን ነው፣ ፒያሳ ላይ ቆሎና ሎሚ ይዛ የምትሸጠው ልጅስ ምን ይደርሳታል? በዓሉ በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ስለ አከባበሩ የመወሰን ድምፅ ያለው ማን ነው? እነዚህን መጠየቅ በዓሉን ማቃለል አይደለም፤ ይህን የሚፈሩ ተማሪዎች ስላሉ ነው የምናገረው።

ሦስተኛው፣ ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒስቱ፣ ደግሞ ዝቅ ብሎ ፊት ለፊት የሚሆነውን ያያል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ቀሚሱ ምን እየተናገረ ነው? ሎሚ የወረወረ ወንድ ምን ማለቱ ነው፣ የተወረወረባት ልጅስ ፈገግ ስትልና ፊቷን ስታዞር ምን ትመልሳለች? አንዱ ቲዎሪ የሌላው ጠላት ሆኖ የሚታያችሁ ከሆነ ገና አልገባችሁም።

ስሞችንና ኮርሶችን ማደባለቅ

ይህ ትንሽ ነው፣ ግን ነጥብ ይበላል። በመጀመሪያ ዓመት የወሰዳችሁትን የሶሻል አንትሮፖሎጂ ማስታወሻ ለዚህ ኮርስ አትገልብጡት፤ ብዙ የሚጋሩት ቢኖርም የመሥራቾቹ ታሪክና ዋና ጥያቄዎቹ ይለያያሉ። የሶሺዮሎጂን ስም በ1838 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት ነው። ካርል ማርክስ ከመሥራቾቹ ቢቆጠርም ራሱን ሶሺዮሎጂስት ብሎ አልጠራም።

ማስረዳትን ከመደገፍ መለየት አለመቻል

ያለዕድሜ ጋብቻ ሲነሳ ክፍሉ ሁለት ይሆናል። የከተማው ልጅ «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ይዘጋዋል፣ ከገጠር የመጣው ባህሉን የሰደቡበት ይመስለውና ይከላከላል። ሁለቱም ጥያቄውን አልነኩትም። ሕጉ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጎ እያለ ድርጊቱ ለምን ቀጠለ? የሁለት ቤተሰብ ዝምድና፣ መሬት፣ ጥሎሽ፣ የልጅቱ ስም ይጠፋል የሚል ስጋት፣ የትምህርት ቤት ርቀት እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ይህን መመርመር ድርጊቱን መደገፍ አይደለም። እንዲያውም ልጅቷን የሚጎዳው ነገር እንዲቆም ከልቡ የሚፈልግ ሰው ድርጊቱን ምን እንዳቆየው ማወቅ አለበት።

አሳይመንትን ከዶርም ሳይወጡ መሥራት

«የጎንደር ወጣት እንዲህ ያስባል» የሚል ድምዳሜ ከስምንት የዶርም ጓደኞች አይገኝም። ወጥታችሁ ስትጠይቁ ደግሞ ጥያቄያችሁ መልሱን አይንገር። «ዕድር ጠቃሚ ነው አይደል?» ብላችሁ «አዎ» ብትባሉ ምንም አልሰበሰባችሁም። አዘዞም ሆነ አራዳ አንድ እማማን «ኑሮ እንዴት ነው?» ብትሏቸው «ተመስገን» ይሏችኋል። ይህ ጨዋነት እንጂ መረጃ አይደለም። ትናንት ምን እንደተበላ፣ ለቅሶ ሲመጣ ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ፣ ባለፈው ዓመት ከማን እንደተበደሩ ቀስ ብላችሁ፣ ቡናው እየተፈላ፣ በአክብሮት ጠይቁ። አልመልስም ካሉ ተዉት።

ስለ ዕድር ስትጽፉ የሁሉም ተማሪ የመጀመሪያ ሐሳብ ሊቀመንበሩን ማነጋገር ነው። ሊቀመንበሩ ደንቡን ይነግሯችኋል። ድንኳኑን የሚተክሉትን፣ እንጀራውን የሚጋግሩትን ሴቶችም ጠይቁ። ከዚያ ወርሃዊ መዋጮውን መክፈል አቅቶት ከመዝገቡ የተሰረዘ፣ ወይም ተከራይ ስለሆነ ያልተመዘገበ ሰው በሰፈሩ እንዳለ አጣሩ፤ የዕድር መዝገብ ላይ ስሙ ስለሌለ ፈልጋችሁ ካልሄዳችሁ በስተቀር አታገኙትም።