ኤረር ከሰርቪስ ወደ ሰርቪስ ሲያልፍ፦ በሰርቨርለስ ሥራ ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የባሕር ዳር ነጋዴ በስልኩ 50 ኩንታል የብቸና ጤፍ አዘዘ እንበል። የትዕዛዙ ላምዳ (ላምዳ ማለት ሰርቨር ሳናስተዳድር፣ ሲጠራ ብቻ በአማዞን ክላውድ ላይ የሚሠራ ፋንክሽን ነው) የመጋዘኑን ላምዳ ይጠይቃል፤ መጋዘን ያለው 30 ኩንታል ብቻ ነው። ነጋዴው «ያለን 30 ኩንታል ነው፤ ይላክልዎ?» የሚል መልስ ማግኘት ሲገባው «ያልታወቀ ችግር ተፈጥሯል» ተብሎ ይሸኛል። ገበያተኛ የሚሸሸው እንዲህ ነው።

የኤረሩ ክላስ አብሮ ይሄዳል ብሎ ማሰብ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በኖድ ጄኤስ የጻፋችሁት ኤረር ሲወረወር ላምዳ ወደ ጄሰን (ዳታ የሚተላለፍበት የጽሑፍ ቅርጽ) ይቀይረዋል። ለጠሪው የሚደርሰው የኤረሩ ስም፣ መልእክቱና ስታክ ትሬሱ (ኤረሩ በየትኞቹ የኮድ መስመሮች እንዳለፈ የሚያሳየው ዝርዝር) ነው። ክላሱ የለም፤ «የቀረው 30» ብላችሁ የጨመራችሁት ፊልድም የለም። ስለዚህ በኢንስታንስኦፍ፣ ማለትም ኤረሩ የየትኛው ክላስ እንደሆነ በመጠየቅ፣ መፈተሽ ከንቱ ነው። በዚያ ላይ ላምዳን በቀጥታ ስትጠሩ፣ ፋንክሽኑ ቢወድቅም የኤችቲቲፒ መልሱ 200 ነው፤ ፋንክሽንኤረር የሚለውን ፊልድ ካላያችሁ የጠሪው ትራይ-ካች (የተወረወረ ኤረርን የሚይዘው የኮድ ክፍል) ምንም አይዝም። እንደ ክምችት ማነስ ያለ የሚጠበቅ ነገር ባይወረወር ይሻላል። ቋሚ ኮድና የቀረውን መጠን ይዞ እንደ ተራ መልስ ይመለስ። መወርወር ላልጠበቅነው ብልሽት ይቆይ።

በመልእክቱ ጽሑፍ መለየት። አንዱ ባልደረባ «ክምችት የለም» የሚለውን «ክምችት አልቋል» ብሎ ባስተካከለ ቀን ጠሪው ይሰበራል።

የኤረሩን ስም ከክላሱ ስም መውሰድ። ኮዱ ሚኒፋይ ሲደረግ (መጠኑ እንዲያንስ ሲጨመቅ) የክላሱ ስም ወደ አንድ ፊደል ሊያጥር ይችላል፤ ላምዳዎችን በቅደም ተከተል የሚያሠራውና ኤረርን በስም የሚለየው ስቴፕ ፋንክሽንስም አያውቀውም። ስሙን በእጃችሁ ጻፉት።

ሪትራይን መርሳት። አሲንክ (ጠሪው መልስ ሳይጠብቅ) የተጠራ ላምዳ ሲወድቅ ካልተቀየረ በስተቀር ሁለት ጊዜ ተደግሞ ይሞከራል። ያነሰ ጤፍ በደቂቃ ውስጥ አይሞላም፤ ድግግሞሹ ትርፉ ድካም ነው። ክፍያ ላይ ግን አደገኛ ነው። ገንዘቡ ከተቆረጠ በኋላ ቀጣዩ መስመር ቢወድቅ፣ ሙከራው ሲደገም የነጋዴው ገንዘብ እንደገና ይቆረጣል። ከመቁረጣችሁ በፊት በትዕዛዙ ቁጥር ቀድሞ አለመከፈሉን አረጋግጡ።

ስታክ ትሬስን ለደንበኛ ማሳየት። የውስጥ ጓዳችንን ለማንም ይከፍታል። ለነጋዴው አጭር መልእክትና መከታተያ ቁጥር ይበቃዋል። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጥሪ ጀምሮ በየሰርቪሱ ይተላለፍ፣ በየሎጉም ይጻፍ፤ ነጋዴው ደውሎ ሲያነበው የሁለቱም ላምዳ ሎግ በአንድ ፍለጋ ይገኛል።